ወለሉ እስኪሞቅ

ጥቅምት 19

ውድ አክስቴ፣

ይህች ወረቀት በደህና ትድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጆሮዎ ከስልክ ጋር እንደተጣላ ስለማውቅ እንደ ድሮ ሰው ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «የእኔን ሰላምታ ከላይ አድርገው፣ ከሥር አትወርውረኝ» ስላለች ይኸው ከላይ አድርጌዋለሁ። ሚጡም ትስምዎታለች። ለሷ እርስዎ «የማሽን ቤቷ አክስት» ነዎት፤ ሆቴል ሙሉ ያሞቁ እንደነበር ነግሬያት፣ በእጅዎ የሚያሞቁ መስሏት ነበር።

አዲሱ ቤት ገብተናል። ሳሎን፣ ወጥ ቤት፣ ኮሪደር፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ። ከተከራየንበት ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው። ግን ይበርዳል፣ አክስቴ። ግድግዳው ላይ ማሞቂያ የሚባል ነገር የለም። ከሊሾው ሥር ቧንቧ ተቀብሯል፣ በቧንቧው ውስጥ ሙቅ ውሃ ይዞራል። ውሃውን የሚያሞቀው ከቤቱ ጀርባ የቆመ፣ ትልቅ ማራገቢያ ያለው ሳጥን ነው። ከውጭው አየር ሙቀት እየለቀመ ወደ ቤት ያስገባል አሉኝ። ከዚህ ብርድ ውስጥ ምን ሙቀት እንደሚለቅም እሱ ነው የሚያውቀው። የገጠመው ሰውዬ መጽሐፍ የሚያህል መመሪያ አስታቅፎኝ ሄዷል።

እኔ እንደሚገባኝ አድርጌ ይዤዋለሁ። ጠዋት ስወጣ አጠፋዋለሁ፤ ቀን ሰው የለም፣ ለማን ይሠራል? ማታ ስገባ እከፍተውና ውሃውን ሃምሳ አምስት ዲግሪ ላይ እሰቅለዋለሁ። ወለሉ ግን መለዘብ የሚጀምረው እኛ ልንተኛ ስንል ነው። ቆጣሪው ይሮጣል፣ እግራችን ይበርዳል። ሚጡ ካልሲ በካልሲ ደርባ እንደ ዳክዬ ትሄዳለች። ሳሎኑን ወፍራም ምንጣፍ አለበስኩት። ማሽኑንም ዝናብ እንዳይገባበት ብዬ ሸራ ጠቀለልኩበት። ከዚህ በላይ ምን ይደረግለታል?

እባክዎ ይምከሩኝ። የሙያ ትምህርት ቤት ተማሪዎችዎስ እንዴት ናቸው? ዘንድሮም ያስለቅሷቸዋል?

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 8

ችኩሌ ልጄ፣

ሰላም ከደጅህ አይጥፋ፤ ምራቴንና ሚጡን ፈጣሪ በጤና ያኑርልኝ። ደብዳቤህን ፖስታ ያመጣው ሰው ፊት ቆሜ ነው የቀደድኩት። ሸራው ጋ ስደርስ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ሰውዬው ምን ነካት ብሎ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ ሸራውን አውልቅ። ማሽኑ የሚተነፍሰው በዚያ ነው። አንተ አፉ ላይ ትራስ አድርገህ «ሩጥ» ትለዋለህ። ከኋላው ቅጠል ተከማችቶ እንደሆነም ጥረግለት። ቀጥለህ ምንጣፉን ጠቅልል። ሙቀቱ የሚመጣው ከታች ነው፤ በወፍራም ምንጣፍ ስታፍነው ጥቅሙ የሚተርፈው ለመሬቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ይህ ማሽን ሙቀት አይፈጥርም፣ ሙቀት ይሸከማል። ከውጭ አንስቶ ወደ ውስጥ። ወደ ሃምሳ አምስት ተሸከም ስትለው አቀበት ጫንክበት፤ ያለከልካል፣ መብራት ይበላል። ሠላሳ አምስት አካባቢ ብትለው ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ይውላል። ወለል ሰፊ ነው፤ በትኩስ ውሃ ሳይሆን በስፋቱ ነው የሚያሞቀው። ስትረግጠው «ሞቀኝ» አያሰኝም። «አልበረደኝም» ነው የሚያሰኘው። ጤነኛው እሱ ነው።

ደግሞም አታጥፋው። ሊሾ ማለት ድንጋይ ነው፤ ዛሬ የሰጠኸውን ነገ ነው የሚመልስልህ። አንተ ማታ ሰጥተኸው ማታውኑ ትጠይቀዋለህ፣ ጠዋት ሊመልስልህ ሲል ደግሞ ታጠፋዋለህ። ስለ እንቁላሉና ስለ እግሩ ልተርትብህ አሰብኩና ሰልችቶሃል ብዬ ተውኩት። ግን ነገሩ ያው ነው። ዝቅ አድርገህ ክፈተው፣ ከዚያ እጅህን ሰብስብ።

ቧንቧዎቹ የሚከፋፈሉበት ሳጥን አንድ ቦታ አለ፤ ኮሪደር ላይ ወይ መታጠቢያ ቤት ፈልግ። ለየክፍሉ የየራሱ መዝጊያ አለው። የትኛው ክፍት የትኛው ዝግ እንደሆነ፣ ውሃው ሲሄድና ሲመለስ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጻፍልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ጸጥ ያለ ነው።

አክስትህ


ኅዳር 29

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ምክርዎ ደርሶኛል፣ እጅዎ ይባረክ። ሸራውን አውልቄያለሁ። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ቆሞ ሲያየኝ ነበርና «ኮቱን አወለቅክለት? ምነው፣ ሞቀው እንዴ?» ብሎ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብኝ። ምንጣፉም ተጠቅልሎ ጥግ ቆሟል።

ሠላሳ አምስት ላይ አድርጌ ተውኩት። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ምንም። በማግስቱም ጠበቅሁ፣ ምንም። ሦስተኛው ላይ ትዕግሥቴ አለቀና መልሼ ሰቀልኩት። አሁን ደግሞ አዲስ አመል አምጥቷል። ይነሳል፣ ትንሽ ያጓራል፣ ቀጥ ይላል። ደግሞ ይነሳል፣ ደግሞ ቀጥ ይላል። እንደ መኪና ተማሪ።

ሳጥኑን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። መዝጊያዎቹ ስድስት ናቸው። የሳሎኑንና የመታጠቢያውን ትቼ ሌላውን ሁሉ ዘግቻለሁ። የማያስፈልግ ክፍል ማሞቅ ምን ይሠራል? ውሃው በሃምሳ አንድ ሄዶ በአርባ ስምንት ይመለሳል። ይህ ጥሩ ነው መጥፎ?

ባለቤቴ ሥራ በዝቶባታል፤ ሰላምታዋን ሲመቻት ራሷ ትጽፍልዎታለች። ሁሉም ሰላም ነው።

ስለ ተማሪዎችዎ ጠይቄ አልመለሱልኝም።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 14

ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ፈጣሪ ይመስገን እኔ በእግሬ እቆማለሁ።

ስለ ማሽኑ ልጀምር። ተሳፋሪ ሳይኖር በየሃምሳ ሜትሩ እየቆምክ አውቶቡስህን ብትነዳ ሞተሩ ምን ይሆናል? ማሽንህ የተሠራው ለቤቱ ሁሉ ነው። አንተ ከስድስት በር አራቱን ዘጋህበትና የተሸከመውን የሚያወርድበት አጣ። ውሃው ያልሰጠውን ሙቀት ይዞ ይመለሳል፣ ማሽኑ «ጠግበዋል» ብሎ ይቆማል። ወለሉ ይርበዋል፣ ደግሞ ይነሳል። በዚህ ዓይነት መብራት ትጨርሳለህ፣ የማሽኑን ልብ፣ ኮምፕሬሰሩንም ከዕድሜው በፊት ትገድለዋለህ። ቤቱ አንድ ነው፤ ክፍል እየመረጥክ አታሙቀው። ሁሉንም ክፈት።

አሁን ሌላ ልጠይቅህ፤ ለማሽኑ ስል ነው የምጠይቀው።

የማያስፈልግ ክፍል ያልከኝ የቱ ነው? መኝታ ቤቶቹን ዘግተሃል። ወጥ ቤቱን ዘግተሃል። ሦስት ሰው የሚኖርበት ቤት ሰው የሚተኛው የት ነው? በመጀመሪያው ደብዳቤህ ደግሞ «ቀን ሰው የለም» ብለኸኛል። ባለፈው ክረምት ሆስፒታሉ ምራቴን ወደ ሌሊት ተራ አዛወራት ብለህ የጻፍክልኝ አንተው ነህ። ሌሊት የሠራች ቀን ትተኛለች። ተኝታ ያለች ሰው፣ ሰው አልመሰለችህም ወይ?

ስለ ሚጡም አንድ ቃል አልጻፍክም። አንተ ስለ ሚጡ ሳትጽፍ ፖስታ የምታሽግ አልነበርክም።

ካልፈለግክ አትመልስልኝ። ብቻ መዝጊያዎቹን ክፈት።

አክስትህ


ጥር 12

ውድ አክስቴ፣

ዝም ያልኩት ፖስታው ጠፍቶ አይደለም። ደብዳቤዎን የሥራ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ አድርጌ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስመላለስ ከርሜያለሁ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ አወጣና አነባለሁ። «ሰው አልመሰለችህም ወይ» የሚለው ላይ ስደርስ አጥፌ እመልሰዋለሁ።

ሄዳለች። ሚጡን ይዛ ከእህቷ ዘንድ ናት፣ በከተማው በዚያኛው ጫፍ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከላክሁልዎ ብዙም አልቆየችም። የእርስዎ መልስ ሲገባ በሩን የከፈትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። «ሁሉም ሰላም ነው» ስልዎ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ነው።

ጠዋት የምንገናኘው በር ላይ ነበር። እሷ ስትገባ እኔ ሚጡን ይዤ እወጣለሁ። ስወጣ ማሞቂያውን አጠፋለሁ። «ቀን ሰው የለም» ስልዎ ውሸት መናገሬ አልነበረም፤ በእውነት እንደዚያ ነበር የማስበው። ተኝታለች፣ ብርድ ልብስ አላት፣ ወለሉ ምን ያደርግላታል? እሷ ግን ካፖርቷን ለብሳ ተኝታም ብርዱ ሲቀሰቅሳት ተነስታ ትከፍተዋለች። ማታ ስመጣ ተከፍቶ አገኘዋለሁ።

«ማን ነካው?» እላለሁ።

«እኔ ነኝ። መመሪያውን አንብቤዋለሁ፤ አታብሩት አታጥፉት ይላል። ዝም ብትለው ራሱ ልኩን ያገኛል» ትላለች።

አንድ ቀን «አንቺ ነርስ ነሽ፣ መርፌሽን ውጊ» አልኳት። ቀልዴን ነበር። አልሳቀችም።

ከዚያ በኋላ መቆጣጠሪያውን በሚስጥር ቁጥር ቆለፍኩት። በማግስቱ ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ፊቱ ቆመች። እኔ የሚጡን ጫማ አስራለሁ። ሚጡ ከሳል ጋር ነበረች ያን ሰሞን።

«ቁጥሩ ስንት ነው?» አለችኝ።

«ማታ ስመጣ እከፍተዋለሁ።»

«ቁጥሩን ነው የጠየቅኩህ።»

«ምን ያደርግልሻል? ልትተኚ አይደል?»

ፊቷን ከመቆጣጠሪያው መልሳ ወደ መኝታ ቤት ገባች። እኔም ሰዓት ደርሶብኝ ወጣሁ። ማታ ስመለስ አልጋው በወጉ ተነጥፏል፣ የእሷ ልብስ የለም፣ የሚጡ ትራስ የለም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሰሃን እንኳ ሳታጥብ አልሄደችም።

ክፍሎቹን የዘጋሁት ያኔ ነው። ለማን ይሞቃል ብዬ። እኔ ሳሎን ነው የማድረው።

አክስቴ፣ እርስዎን ታከብራለች። ሌላ ሽማግሌ ብልክባት ነገሩን ያከብደዋል። ቤቱ ተስተካክሏል፣ ሞቋል፣ ግቢ ብለው አንድ መስመር ይጻፉላት። አድራሻውን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 24

ልጄ፣

አልጽፍላትም።

ሆቴሉ ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያላየሁትን ሥራ «ተጠናቋል» ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ቤትህ አልሞቀም። መዝጊያዎቹን እንኳ ከፍተሃቸው እንደሆነ አልነገርከኝም። ያልሞቀ ቤት ሞቋል ብዬ ልጅቷን ከነሕፃኗ ልጠራት?

ሞቆስ ቢሆን? እሷ ብርዱን ችላው ነበር፤ በካፖርት እየተኛች ችላው ነበር። የሸሸችው ከቁልፉ ነው። በገዛ ቤቷ እንደ እንግዳ ቁጥር ለምና፣ ጫማ እያሰርክ ነው የመለስክላት።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። እኔ የጻፍኩልህን ሁሉ እሷ አስቀድማ ነግራሃለች። አታጥፋው፣ ዝም በለው፣ ራሱ ልኩን ያገኛል። ቃል በቃል። እኔ ከሩቅ አገር ስጽፍልህ «እጅዎ ይባረክ» አልክ። እሷ አጠገብህ ሆና ስትነግርህ ሰማህና ቀለድክባት። ደግሞ ነርስ ምን ታውቃለች አልክ። ትኩሳት ያለበትን ሰው በየደቂቃው ልብስ እያለበሱ እየገፈፉ እንደማያድኑት ከነርስ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?

ይህን ጽፌ ብዕሩን አስቀመጥኩና አዘንኩልህ። እናትህ ብትኖር አሁን እኔን ነበር የምትቆጣው፤ ልጄ ሶፋ ላይ እያደረ አንቺ ትገርፊዋለሽ ብላ። ወገብህ እንዴት ነው? ቀን መሪ ጨብጠህ ሌሊት ሶፋ ላይ ተጣጥፈህ አይሆንም። አልጋህ ላይ ተኛ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ቁልፉን አንሳው። ስድስቱንም መዝጊያ ክፈት፣ የሚጡንም ክፍል። መቆጣጠሪያው ውስጥ የውጭውን ብርድ እየለካ የውሃውን ሙቀት ራሱ የሚመርጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አድርገው። ውጭ ሲከፋ ከፍ ያደርጋል፣ ሲለዝብ ዝቅ ያደርጋል፣ አንተን ሳይጠይቅ። ከዚያ ቢያንስ ሳምንት አትንካው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያታልሉሃል፤ የቀዘቀዘ ድንጋይ ነው፣ ከውስጥ ጀምሮ ነው የሚሞቀው። ከዚያ ለእሷ የምትለውን አንተው በአፍህ በላት። ነይ ለማለት ሳይሆን ልክ ነበርሽ ለማለት።

አክስትህ


የካቲት 21

ውድ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ቁጣዎ ደርሶኛል፤ እንደ መድኃኒት ነው የዋጥኩት፣ መረረኝ።

ቁልፉን ሳነሳ ማሽኑ ራሱ «ያለ ቁልፍ ይቀጥል?» ብሎ ጠየቀኝ። እሱም ታዝቦኛል። ቀጥል አልኩት። መዝጊያዎቹን ሁሉ ከፈትኩ። የሚጡ ክፍል ገብቼ መስኮቱን ፈተሽኩ፤ በትንሹ ተከፍቶ ነው የከረመው። ከዚያ እጄን ምን ላድርገው? ከሥራ መጥቼ መቆጣጠሪያው አጠገብ ሳልፍ ጣቴ ይበላኛል። አንድ ቀን ጎረቤቴ ዘንድ ሸሸሁና ፀጉሬን ተቆረጥኩ። በሌላው ቀን ደግሞ ሄድኩ። «አሁን የምቆርጠው ጆሮህን ነው፣ ሌላ የቀረህ የለም» አለኝ። ታሪኩን ነገርኩት። አልቀለደብኝም። ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረልኝ።

መቼ እንደሞቀ አላውቅም። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነጠላ ጫማዬን መኝታ ቤት እንደተውኩት ትዝ አለኝ። ባዶ እግሬን ነበርኩ፣ ልብም አላልኩ። ማሽኑን አዳመጥኩት። እንደ ድሮው አያጓራም፣ አይቆምም። ዝቅ ብሎ ያዜማል። ቆጣሪውም ተረጋግቷል።

የዚያን ቀን ደወልኩላት። «ቁጥሩን አጥፍቼዋለሁ። አንቺ ያልሽው ነበር ልኩ። መስማት ነበረብኝ፣ አልሰማሁሽም። ነይ ለማለት አይደለም የደወልኩት» አልኳት። እንዳዘዙኝ። «እሺ» አለች። ሌላ ትጨምር እንደሆነ ጠበቅሁ። «ተራዬ ደርሷል» ብላ ዘጋችው።

ባለፈው እሑድ የሚጡን ቦት ጫማ ልትወስድ መጣች። በር ላይ ልትጠብቅ ነበር ያሰበችው። ሚጡ ግን ጫማዋን ወርውራ ወደ ክፍሏ ሮጠች፣ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። ብንሄድ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ ጉንጯን ለጥፋበታለች።

«እማዬ፣ ወለሉ ትኩሳት አለው» አለች።

እናቷ በርከክ አለችና፣ የሕመምተኛ ግንባር እንደምትነካ፣ በእጇ ጀርባ ነካችው። ቆየች።

«ጤነኛ ነው» አለች።

ከዚያ ተነስታ ዙሪያዋን አየች። የሚጡ አልጋ ባዶ፣ መደርደሪያው ባዶ። «ባዶ ክፍል ታሞቃለህ?» አለችኝ።

«ሁሉም ካልተከፈተ ማሽኑ አይሠራም» አልኳት።

እውነት ነው፣ ግን እውነቱ እሱ ብቻ እንዳልሆነ እሷም አውቃለች። ትክ ብላ አየችኝ። «ፀጉርህን ምን ሆነህ ነው?» አለችና ቦት ጫማውን ይዛ፣ ሚጡን እየጎተተች ሄደች።

አሁንስ ምን ላድርግ?

አክስቴ፣ እኔ ሁሉንም ነግሬዎታለሁ። እርስዎ ግን ስለ ተማሪዎችዎ ደጋግሜ ጠይቄዎት ሁልጊዜ ዘለሉኝ። እንግዲህ ክፍል መዝጋት ከማን እንደወረስኩ እየገባኝ ነው።

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 6

ችኩሌ፣

ምን ላድርግ ላልከው፤ ምንም። እሷንም እንደ ወለሉ ዛሬ ሰጥቼ ዛሬ ካልመለሰችልኝ አትበል። ስትመጣ በሩ ክፍት ይሁን፣ ስትሄድ አትጎትታት። ፀጉርህን ደግሞ አሳድግ።

አንተም ቁስሌን ነካህብኝ። ይሁን፣ ልንገርህ።

ተማሪ የለኝም። የመጀመሪያው ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ማስተማር ከተውኩ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ጆሮዬ ባሰ። ልጆቹ ሲጠይቁኝ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ የሚሉት አይገባኝም። መጀመሪያ ነቅቼ እየገመትኩ እመልስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ስለ ቫልቭ ጠየቀችኝ፣ እኔ ስለ ፓምፕ መለስኩላት፤ ክፍሉ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ቀላል ነበር። ትምህርት ቤቱ ክፉ አልሆነብኝም፤ የሽኝት ንግግር አድርገዋል አሉ፣ እኔ አልሰማሁትም።

ለምን አልነገርኩህም መሰለህ? «እንዴት ናት?» ብሎ የሚያዝንልኝ ሞልቷል። «ይህ ነገር እንዴት ይሠራል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ነበር። አንተ ያንን ሸራ ለማሽን ያለበስክ ጊዜ ከወንበሬ ተነስቼ ወረቀት ፈለግሁ። ቀኑን ሙሉ ቧንቧ ስስል ዋልኩ። ማስተማሬን መተዌን ብነግርህ፣ ላስቸግራት አይገባም ብለህ ዝም የምትል መሰለኝ።

አሁን ታውቀዋለህ። ለሰው አታውራ።

አክስትህ


ሚያዝያ 2

ውድ አክስቴ፣

እንዴት ከረሙ? ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ላስቸግራት አይገባም የምል ሰው ብሆን ኖሮ መቼ ይህን ሁሉ እጽፍልዎ ነበር? ለሰው አታውራ ያሉኝን ግን አልጠበቅሁም፤ ለአንድ ሰው አውርቻለሁ፣ ምክንያቱን ያዩታል።

የእህቷ ቤት ልጆች ይበዙበታል። ቀን መተኛት አልሆነላትም። ባለፈው ወር መጀመሪያ በስልኬ አጭር መልእክት መጣ፦ «ከሌሊት ተራ በኋላ እዚያ መጥቼ ብተኛስ?» ይላል። «ቤትሽ አይደለም ወይ» ብዬ ጻፍኩ፣ ነገር ይመስላል ብዬ አጠፋሁት። «ደስ ይለኛል» አልኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። መጨረሻ ላይ «እሺ» ብዬ ላክሁ። እሷም እንደዚያው አይደል የመለሰችልኝ።

ጠዋት በር ላይ ተላለፍን፣ እንደ ድሮው። «ደህና ዋል» አለች። ቀኑን ሙሉ ስነዳ ሁለት ፌርማታ ሳልቆም አለፍኩ፤ ተሳፋሪ ሰደበኝ። ማታ ስገባ ኮሪደሩ ላይ ጫማዋ አለ። እንቅልፍ ይዟታል። ካፖርቷ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ብርድ ልብሱም ወገቧ ድረስ ብቻ ነው። ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጥ ቤት ገባሁና በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ወንበር ለመሳብ ፈርቼ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

በሳምንት አንድ ቀን ነበር፣ ከዚያ ሁለት ቀን ሆነ። ሚጡ ደግሞ ከመዋዕለ ሕፃናት ወደዚህ መምጣት ጀመረች። ትናንት ትራሷን በብብቷ ይዛ መጣች። ማን ላካት ብዬ አልጠየቅሁም። ሁሉም ነገር አልቆ ተስተካክሏል አልልዎትም፤ አንዳንድ ቀን ገበታ ላይ ዝም እንባባላለን፣ እሷም እቃዋን ሁሉ አላመጣችም። ግን ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣችኝ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ፎጣ መሬት ጥለሃል ብላ። ጎረቤቴ በግድግዳው በኩል ሰምቶ ዛሬ ጠዋት «እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ።

የማስተማሩን ነገር የነገርኩት ለእሷ ነው። አሁን ይህን ስጽፍ መጥታ ብዕሩን ስጠኝ ትላለች። ይኸው።

*

እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ሰላምታዬን ለብዙ ጊዜ በሰው እጅ ስልክ ቆይቼ ይቅርታ፤ እንደውም የኔ ያልሆነም ሳይደርስዎ አልቀረም።

በጆሮዎ አዘንኩ ብዬ አላደክምዎትም። ጥያቄ ነው ያለኝ። መመሪያው ላይ ይህ ማሽን በሙቀቱ ወራት ሥራውን ገልብጦ ወለሉን ማቀዝቀዝም ይችላል ይላል። ባሌ ተብዬው ልጅዎ ያንን ገጽ ገና አልደረሰበትም። እኔ ቀን ነው የምተኛው፣ መኝታ ቤቱ ደግሞ የከሰዓት ፀሐይ ይመታዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ሲዞርበት ወለሉ ያልበዋል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው? እውነት ከሆነ እስከ ስንት ዲግሪ ቢወርድ ነው የማያልበው? ሚጡ ባዶ እግሯን ነው የምትሮጠው፣ እንዳትንሸራተትብኝ።

ሥዕል ካለው በሥዕል ያስረዱኝ። ለእኔ በስሜ ይላኩልኝ እንጂ ለእሱ አይደለም። አይቸኩሉ፤ ሙቀቱ እስኪገባ ገና ነው፣ ጊዜ አለን።